ከዘጠኝ እስከ ሦስት

ጅግጅጋ ገበያ ላይ የእጅ ሰዓት የሚገዛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ተመርቆለት ይሄዳል፦ «ከዘጠኝ እስከ ሦስት ቀኑን እንዳትነካው!» ሻጩ ይህን የሚናገረው ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው። ሰዓቱ በበርበራና በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ጃፓን ሠራሽ አውቶማቲክ ከሆነ መመሪያ ወረቀቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ገዢው «እሺ አዴር» ብሎ ይሰናበታል፤ አሥር እርምጃ ሳይራመድ ግን ጥያቄው ይይዘዋል። የማን ዘጠኝ? ዞር ሲል ሻጩ ከሌላ ደንበኛ ጋር የዋጋ ክርክር ገጥሟል።

ማስጠንቀቂያው እውነት አለው። በትንሿ መስኮት የምትታየው ቁጥር የተጻፈችው ከሰዓቱ ፊት በስተጀርባ ባለ ቀለበት ላይ ነው፤ ቀለበቱ ወደ ውስጥ ያደጉ 31 ጥርሶች አሉት። ከሥሩ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ የሚዞር ጎማ አለ፤ ጎማው ላይ አንዲት ጣት ወጥታለች። የዕኩለ ሌሊቱ 12 ሊደርስ ሲል፣ ቆጣሪዎቹ ዘጠኝን አለፍ ሲሉ፣ ጣቷ አንዱን ጥርስ ታገኝና ቀስ በቀስ መግፋት ትጀምራለች። ያን ጊዜ መስኮቱን አተኩሮ ያየ ሰው የ17ን ግማሽና የ18ን ግማሽ ተደራርበው ያገኛቸዋል። 12 ላይ ቀለበቱ ቀጭ ብሎ ያልፋል፤ ጣቷ ግን እስከ ሦስት ገደማ ከዚያ አካባቢ አትርቅም። በዚህ መሀል መሙያውን ሳብ አድርጎ ቀኑን የሚያሽከረክር ሰው ጥርስን ከጣት ያላትማል፤ አንዱ ይሰበራል ወይም ይጣመማል። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ሰዓት ይናገራል እንጂ ቀን አይታመንለትም።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ሰዓቱ ጅግጅጋ ሲገባ ነው። የፋብሪካው መመሪያ በፈረንጅ ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3 ይላል፤ ወደ አገሬው አቆጣጠር ሲመለስ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ይሆናል። ያው ሁለት ቁጥር ቦታ ተለዋወጠ ማለት ነው፤ ስለዚህ በቃል የሰማውም፣ መመሪያ ያነበበውም፣ ተርጉሞ የሚያስረዳውም ሁሉም ልክ ነኝ ብሎ ይከራከራል። የተማረው ወገን «ማታ ማታ አትንካው፤ በቀን እንደፈለግህ» ብሎ ይመክራል።

ምክሩ ሰዓቱን በፈረንጅ ለሞላ ሰው ይሠራል። በአገሬው አቆጣጠር የሞላ ሰው ግን ይሰማውና ጥርሱን ይሰብራል። ሰዓቱ ፀሐይ መውጣት መግባቷን አያይም፤ የሚያውቀው የራሱን ቆጣሪዎች ብቻ ነው። እዚህ አገር ቆጣሪዎቹ 12 ላይ የሚገጥሙት ሲነጋና ሲመሽ ስለሆነ ቀኑ የሚቀየረው ወይ ጎህ ሲቀድ ወይ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን ባለሰዓቱ መጀመሪያ ሲሞላው ባጋጣሚ ይወሰናል።

ንጋት ላይ የሚቀየር ከሆነ አደገኛው ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ጠዋቱ ሦስት ነው። ሠራተኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ይገባል፤ የመጀመሪያ ሥራው ደብዳቤ ላይ ቀን መጻፍ ነው፤ የሰዓቱን መስኮት ያያል፤ ቀኑ ተሳስቷል፤ መሙያውን ይስባል። ማምሻ ላይ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ አደጋው ከቀኑ ዘጠኝ ይጀምራል፤ ይኸውም ከሐረርጌ የመጣው ጫት ተከፍቶ ምርቃናው የደረሰበት፣ የሰው እጅ የሚነካካው ነገር የሚፈልግበት ሰዓት ነው። ሴኮ ፋይቭ መስኮቱ ላይ ቀንና ዕለት ይዞ ከወጣ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንቱ ጥርስ በርጫ ላይ እንደረገፈ ሰዓት ሠሪዎች ይንገሩን።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቆጣሪዎቹን ስድስት ላይ አምጥቶ ማስተካከል፤ ስድስቱ የቀን ይሁን የሌሊት፣ ጣቷ ከቀለበቱ ርቃለች። የዙሁር ሶላት ሲቃረብ ቀን የሚያስተካክል የጅግጅጋ ሰው ምንም አይሰብርም። ይህን የሚናገር ሻጭ ግን የለም።

ደግሞስ ስንት ጊዜ ነው የሚስተካከለው? ጅግጅጋ ላይ ይህ ጥያቄ ብቻውን ግማሽ ቀን ያከራክራል። በፈረንጅ ቀን የሚሠራ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ በዓመት አምስት ጊዜ ያስተካክላል፦ ከየካቲታቸው፣ ከሚያዝያቸው፣ ከሰኔያቸው፣ ከመስከረማቸውና ከኅዳራቸው ማግስት። በሂጅራ የሚሄድ ሰው ወሩ 29 ወይም 30 ስለሆነ በየጨረቃው ይነካዋል፤ ለእሱ እንዲያውም ቀኑ ማምሻ ላይ የሚቀየረው ሰዓት ተስማሚው ነው፣ የእስልምናው ቀን የሚጀምረው በመግሪብ ነውና። የመንግሥት ሠራተኛው ግን አሥራ ሦስት ጊዜ ነው! አሥራ ሁለቱን ወራት 31ን እየዘለለ ከርሞ ጳጉሜን ላይ ይወድቃል። ጳጉሜን 5 አልቃ መስከረም 1 ሲጠባ ሰዓቱ 6 ብሎ ይጠብቀዋል፤ 1 ላይ ለመድረስ 26 ጊዜ ቀጭ ማድረግ አለበት። እንደ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ከሆነች 25። እንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ያውም በአደገኛው ሰዓት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ቀልድ መሆኑ የሚቀረው። ፓቴክ ፊሊፕ በ1996 እ.ኤ.አ. የ30ንና የ31ን ወር ለይቶ የሚያውቅ፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚስተካከል ሰዓት አወጣ፤ ዓለም አጨበጨበ። ብላንፓ በ2012 የቻይናን ዘመን አቆጣጠር እጅ ላይ አሰረ። ፓርሚጃኒ የሂጅራውን ሠርቶ በ2020 ጄኔቫ ላይ የፈጠራ ሽልማት ወሰደ። ይሁን፣ ደግ አደረጉ። ግን የኢትዮጵያን ወር ለመቁጠር ያ ሁሉ ጥበብ አያስፈልግም። ከ31 ጥርስ አንዱን መቀነስ ነው፤ 30 ጥርስ ያለው ተራ ቀለበት አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳይነካ ሄዶ ለጳጉሜን ብቻ ይስተካከላል። ፓቴክ በስንት ጎማ የደረሰበትን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ይህ አንድ ጥርስ በማጣት ብቻ ያገኘዋል! ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ገበያ የሚመጣው ሰዓት ሁሉ 31 ይላል፤ የዚህ አገር ወር ኖሮት የማያውቀውን ቁጥር። ገዢው ከፍሎ ይገዛዋል፤ ከዚያ ጥፋቱ የእሱ ይሆንና «መቼ ነካህበት?» እየተባለ ይመረመራል። ይህ ያበሳጫል።

እርግጥ ብዙው ሰው እንዲህ አይበሳጭም። ስልኩ ቀኑን ይነግረዋል፤ ሰዓቱ ለአንጓው ውበት ነው፤ መስኮቱ ውስጥ ያለችው 23 ለምን 23 እንደሆነች አይጠይቅም። የጅግጅጋ የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጻፍም ተጓዡ ያንን ሲመልስ ሐሳቡ ያልቃል፤ ለቀን የሚተርፍ የለውም።

ዕለቱ በዓረብኛ የተጻፈበት ሴኮ የያዙት ግን ሌላ ጣጣ አለባቸው። የዕለቱ ቀለበት ሰባቱን ቀናት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ እያፈራረቀ ስለሚይዝ 14 ቦታ አለው፤ ከአንዱ ዓረብኛ ወደ ሌላው ሲሄድ በእንግሊዝኛው ላይ ማለፍ ግድ ነው። 12 ካለ በኋላ ትንሽ ቆይቶ እንግሊዝኛው ብቅ ይላል፤ ዓረብኛው የሚደርሰው ሰዓታት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ በሚቀየር ሰዓት የጁምዓ ዕለት ገና ሻይ ሳይጠጣ በፊት «ፍራይደይ» ናት፤ ጁምዓ የምትሆነው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ይህን በጣቱ ላፍጥነው የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም።