ጋኑ የታለ?

«3000 ዋት ነው ጋሼ!» አለኝ ሻጩ፣ የአምፕሊፋየሩን ግንባር በመዳፉ እየጠረገ።

«ግንባሩን ተወው፤ ጀርባውን አዙርልኝ።»

አዞረው። ከግድግዳው የሚስበው «220 ቮልት፣ 60 ዋት» ይላል።

«60 ኪሎ ጤፍ ያስፈጨ 3000 ኪሎ ዱቄት ተሸክሞ አይወጣም።»

«ይሄ እኮ ፒኤምፒኦ ነው፤ ለቅጽበት የሚወጣ ጉልበት!»

«እንግዲያው ቅጽበቷን እንቁጠራት። በመተንፈሻው ቀዳዳ የሚታዩት ሁለቱ ካፓሲተሮች 4700 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ይላሉ። ጢም ብለው ቢሞሉ ተደምረው 6 ጁል አይሆኑም። 3000 ዋት ደግሞ በየሰከንዱ 3000 ጁል ይበላል። ስንቅህ 2 ሚሊሰከንድ እንኳ አያደርስህም! የ50 ኸርዝ ቤዝ አንዱ ዙር ብቻውን 20 ሚሊሰከንድ ነው። ከበሮው ‹ድ› ሲል ጋንህ ደርቋል፤ ‹ም› የሚለውን ማን ይጨርስለት?»

«ጋን ደግሞ ከየት መጣ?»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ነገርኩት፤ ነገሩ ያለው እዚሁ ነውና። አምፕሊፋየር ጉልበት አይፈጥርም። ከስልኩ የሚመጣው ዘፈን የቀጂ እጅ ነው፤ አሁን ሞላ አድርግ፣ አሁን ቀነስ አድርግ ይላል። ጠላው የሚቀዳው ግን ከፓወር ሰፕላዩ ጋን ነው። ትራንስፎርመሩ ከግድግዳው ያመጣል፣ ዳዮዶቹ በአንድ አቅጣጫ ያስኬዳሉ፣ ካፓሲተሮቹ ያጠራቅማሉ። ስፒከሩን የሚነቀንቀው ያ የተጠራቀመው ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጋኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል፤ በመሃል በጣም ከጎደለ ጉድለቱ ራሱ «እምምም» እያለ ከዘፋኙ ጋር ይዘፍናል።

«ትራንስፎርመሯ ትንሽ ብትሆንም ጎበዝ ናት» አለ።

«ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ።»

«ባለፈው ለሠርግ ያከራየሁት ሰውዬ ግን ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከሩን ትዊተር አቃጥሎ መለሰልኝ። ስፒከሩ ነው ደካማ።»

«ስፒከሩን አትማው። ማታ መብራቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የእንዲህ ዓይነቱ አምፕ ጉልበት ሲሶው ይሄዳል፤ ጉልበት የሚሰላው በቮልቴጁ ካሬ ነው። ዲጄው ድምፅ አነሰኝ ብሎ ይጨምራል። የዘፈኑ ማዕበል ሽቅብ ሲወጣ ቮልቴጁ አይበቃውም፣ አናቱ ይቆረጣል። ትዊተሩን የጠበሰው ያ አናቱ የተቆረጠ ማዕበል ነው። ስፒከርህ በጥጋብ አልሞተም፤ የገደለው የአምፑ ረሃብ ነው።»

«ታዲያ ከባድ ከባዱን ብቻ ልሽጥ?»

«ቀላል ሁሉ ቀጣፊ አይደለም። በደንብ የተሠራ ስዊችንግ ፓወር ሰፕላይ ከከባድ ትራንስፎርመር እኩል ይቆማል። ይሄኛውን ያጋለጠው ክብደቱ ሳይሆን ጀርባው ላይ ያለው 60 ነው።»

ሻጩ ዝም አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ አምፕ በሁለት እጁ ጎትቶ አወጣ።

«ይሄ እንኳ 80 ዋት ብቻ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጀርባውን አየሁት፤ 250 ዋት ይላል።

«ሰካው።»