«ምን አለበት?» አይባልም

የአዊ ሰው ገበያ ላይ በቀላሉ አይታለልም። ዳንግላ ገበያ ቅቤ ሊገዛ የወጣ ሰው ዕቃውን ተቀብሎ ዝም ብሎ ብር አይቆጥርም፤ በጣቱ ቆንጥሮ ያሸታል፣ መዳፉ ላይ ያሻል፣ ሙዝ ወይም የሚረጋ ዘይት ተቀላቅሎበት እንደሆነ ባለቤቷን ዐይን ዐይኗን እያየ ይጠይቃል። ማር ሲሆን በእንጨት አንስቶ ክሩ ሳይበጠስ እስከየት እንደሚወርድ ያያል፤ ስኳር ይሁን አበባ እለያለሁ ባይ ነው። ፈረስማ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በሰባት ቤት አገው ምድር፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ተሸልሞ በሚወጣበት አገር፣ የፈረሱን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ሳያይ፣ ኮቴውን ሳያነሳ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያስሮጥ ዋጋ የጠራ ገዢ ለዓመት መሳቂያ ይሆናል። ይኸው ጠንቃቃ ገዢ ግን ለገዛ ፊቱ የሚቀባውን ክሬም፣ ለገዛ ወገቡ የሚውጠውን ዱቄት ሊገዛ ሲገባ ጥያቄውን ሁሉ ከደጅ ትቶ ነው። የፈረስ ጥርስ የሚመረመረውን ያህል የሰው ኩላሊት አይታሰብለትም።

ይህን ያለመጠየቅ ጨዋነት ማድነቅ እንጂ መንቀፍ አይገባም። ማዲያት ያስቸገራት ሴት ወደ ሱቅ ጎራ ብላ «ለማዲያት የሚሆን አለ?» ስትል ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ትንሽ ዕቃ ብቅ ትላለች። ክዳኗ ላይ ፊቷ የፈካ ሴት ትስቃለች፤ ሥዕሉ ሰፊ ነው፣ ጽሑፉ ግን መነጽር ይፈልጋል፣ መነጽር ቢገኝም የማናውቀው ቋንቋ ነው። ሻጩ ስለ ውስጧ የሚናገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ተፈጥሯዊ ነው፣ የውጭ ነው፣ በሳምንት ታይዋለሽ። «ተፈጥሯዊ»ና «የውጭ» እንዴት አንድ ላይ ማረጋገጫ እንደሆኑ መጠየቅ የሰው ገበያ መዝጋት ነው። ከዚህም የረቀቀ አለ፤ ስም የሌለው፣ ከሦስትና ከአራት ቱቦ ተጨምቆ በባዶ የቫዝሊን ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ። እሱማ የሚነበብ ነገር ስለሌለበት በውሸት ሊከሰስ አይችልም። በአገሩ ከሚሸጠው ሁሉ ሐቀኛው ዕቃ እሱ ነው።

የማይጠየቀው ነገር ምን እንደሆነ ግን በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች ፈትሸው ደጋግመው አግኝተውታል፤ ዝርዝሩም ያን ያህል ረጅም አይደለም። አንዱ ሜርኩሪ ነው፣ አባቶች ባዜቃ የሚሉት። ሌላው ሃይድሮኪኖን ነው። ሦስተኛዎቹ እነ ክሎቤታሶል፣ እነ ቤታሜታሶን፣ በጥቅሉ ስቴሮይድ የሚባሉት ናቸው። ሜርኩሪ ለቆዳ መልክ የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል፤ ፊት ይቀላል፣ ባዜቃው ደግሞ በደም ዞሮ ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። የተቀባችው ሴት ብቻዋን አትጎዳም፤ በፎጣው፣ በትራሱ፣ በእቅፏ በኩል ሕፃኗም ድርሻውን ያገኛል። መለያው ላይ ስሙ ቢጻፍ እንኳ ካሎሜል በሚል ስም ሊቀርብ ይችላል፤ ካሎሜል ሜርኩሪ መሆኑን የሚያውቅ ደግሞ ከመቶ ስንቱ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስገነዘበው አንዳንዴ ፍንጩ የሚገኘው ከአጠቃቀም መመሪያው ነው፤ ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየምና ከጎማ ጋር እንዳይነካካ የሚል ማሳሰቢያ ያለበት ክሬም ሊጠረጠር ይገባል። ባዜቃ ወርቅ ይበላልና። የአምራቹን ርኅራኄ ልብ ይሏል፤ ለቀለበቷ አስቦ አስጠንቅቋል፣ ቀለበቱ ስላለበት ጣት ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ ነዋሪዎቿን በፈጀባት የጃፓን ከተማ ስም የተጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጸድቅ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ወስኖ ነበር፤ በ2023 ደግሞ አባል አገሮች ያቺንም አንድ እጅ አንስተው ከ2025 በኋላ ጨርሶ እንዳይኖር ተስማሙ። ዓለም ከአንዲት ቅንጣት ጋር ሲከራከር እኛ ስንቅ አድርገን ይዘነዋል።

ተጠቃሚዎች ግን የማይናቅ ክርክር አላቸው፤ «ይሠራል!» ይላሉ። ይሠራል እንጂ! ማን አይሠራም አለ? ክሎቤታሶል ሐኪም ለከባድ የቆዳ በሽታ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያዘው፣ ከመሰሎቹ ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነው። መጀመሪያ ማሳከኩን ያጠፋል፣ ፊት ያለሰልሳል፣ ያፈካል። ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ ብጉር ይፈላል። ደንግጣ ስታቆመው ፊቷ ይንቀለቀላል፤ መልሳ ስትቀባው ጋብ ይላል። የምርቱ ሊቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ያደረሰው ጉዳት ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆምለታል። «ባቆመው ባሰብኝ» ማለት «መድኃኒቱ ፍቱን ነው» ማለት ይሆናል፣ ጎረቤትም ሰምታ ለራሷ ትገዛለች። ሃይድሮኪኖንም እንዲሁ፣ ለዓመታት ሲቀቡት ያቀላውን ቆዳ ወደ ሰማያዊ ጥቁረት ሊመልሰው ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ ክሬም አለ። ለሪህና ለወገብ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄትም የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው። በተለያዩ አገሮች «ከዕፅ ብቻ የተዘጋጀ» የተባሉ የሕመም ማስታገሻዎች ሲመረመሩ ዴክሳሜታሶን ተገኝቶባቸዋል፤ አልነሣ ያለው ሽማግሌ በማግስቱ ቆሞ የሄደው በሥሩ በቅጠሉ ሳይሆን በእሱ ነው። ለወራት ወስዶት ድንገት ሲያቆመው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቶ ኖሮ ይዝለፈለፋል። ይህም ለዱቄቱ ምስጋና ሆኖ ይመዘገባል።

ማር ወዳድ ለሆነ አገር ደግሞ የማሩን ነገር መዝለል ነውር ነው። በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ፣ ለወንዶች ኃይል ተብሎ የሚሸጥ «የንጉሥ ማር» የሚሉት ሸቀጥ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 እንዲህ ዓይነት ማር የሚሸጡ አራት ኩባንያዎችን አስጠንቅቋል፤ ማሩ ሲፈተሽ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል፣ ማለትም ሐኪም የሚያዛቸው የስንፈተ ወሲብ መድኃኒቶች፣ ሳይጻፉ ገብተውበት ተገኝተዋልና። ለልቡ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን ማር ቢልስ የደም ግፊቱ ለሕይወቱ በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። የአዊ ንብ ምንም ብትተጋ እንዲህ ያለ ማር አልሠራችም፤ ትፈር። እውነቱን ለመናገር ሥርና ቅጠል ሥራው ቀስ ያለ ነው። «ተፈጥሯዊ» የተባለ ነገር በአንድ ሌሊት ተአምር ካሳየ፣ ተአምሩን የሚሠራው ያልተጻፈው ነው ብሎ መጠርጠር ነበር ደንቡ። እኛ ግን ፍጥነቱን ለጥራቱ ማስረጃ አደረግነው፤ ማስረጃነቱስ ትክክል ነው፣ የሚመሰክረው ግን ስላልተጻፈው ነው።

የባህል ጠበቃው ደግሞ በዚህ ይቆጣል። «መድኃኒት ምስጢር ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ስሙ ከተጠራ አይሠራም» ይላል። ጆሮ ያለው ሥር መኖሩ ያስደንቃል፤ ስሙን ሲሰማ የሚኮርፍ፣ ገንዘብ ሲሰማ ግን የማይኮርፍ። ነገር ግን ባህሉ በእርግጥ እንዲህ ነበር ወይ? ኮሶበር ተብላም የምትጠራው እንጅባራ ትመስክር። ኮሶ የጠጣ ሁሉ ምን እንደጠጣ ያውቅ ነበር፤ ከየትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ፣ አበባው እንዴት ደርቆ እንደተወቀጠ፣ ለምን በባዶ ሆድ እንደሚወሰድ፣ ለምን እንደሚመር። መራራነቱ በሥዕል አልተሸፈነም፤ ሰውም «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ብሎ በግልጽ ተናግሮ ከቤቱ ይውል ነበር። ምስጢር ያልነበረው ይህ መድኃኒት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ደብተራዎቹም ቢሆኑ፣ ከምስጢራቸው ጋር፣ የየመድኃኒቱን ሥርና ቅጠል በስሙ እየጠሩ የጻፉባቸውን ብራናዎች ትተውልናል፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለ የፖላንድ ሊቅ እነዚህን መጻሕፍተ መድኃኒት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟቸዋል። ቴሌግራም ላይ «መሪጌታ» ነኝ የሚለው የዛሬው ሻጭ ከእነዚያ ሊቃውንት የወረሰው ማዕረጉን እንጂ ዝርዝሩን አይደለም። ዕውቀቴ ይሰረቅብኛል ለሚል እውነተኛ አዋቂም መንገድ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ ሰው፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ ለማኅበረሰብ ዕውቀት ጥበቃ ያደርጋሉ። የፈጠራ መብት ዋጋው ግን ይታወቃል፤ የሠራኸውን መግለጽ። ያንን ዋጋ የማይከፍል የሚጠብቀው ዕውቀቱን ላይሆን ይችላል።

«ተፈጥሯዊ ከሆነ አይጎዳም» የሚለውን ባጭሩ እንለፈው። ኮሶ ራሱ ሲበዛ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። በአንዳንድ አገር የሚሸጠው ኩል እርሳስ ነው፣ የሚጽፈው እርሳስ ሳይሆን ልጅ የሚያደነዝዘው ማዕድን፤ እሱም ከመሬት የወጣ፣ ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው።

ብርቱው ክርክር ሌላ ነው፤ «ፋርማሲውስ ንጹሕ ነው ወይ?» የሚለው። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ከሕንድ ከመጣ የሳል ሽሮፕ ጋር በተያያዘ የኩላሊት ጉዳት አልቀዋል፤ ሽሮፑ ውስጥ ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል የኢንዱስትሪ መርዝ ተገኝቷል። ማሸጊያው ባለ ስምና ባለ ጽሑፍ ነበር። ይኸው መርዝ ከዚያ 85 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1937፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ «ኤሊክሲር» ከ100 በላይ ሰው ገድሏል። የዚያ ጊዜው ሕግ አምራቹን ስለ ሟቾቹ የሚጠይቅበት አንቀጽ አልነበረውም፤ የተያዘው «ኤሊክሲር» የሚባል መድኃኒት አልኮል ሊኖርበት ሲገባ አልኮል ስላልነበረበት ነው፣ በስም ማሳሳት ማለት ነው። መቶ ነፍስ ጠፍቶ የተከሰሰው አልኮል መቅረቱ መሆኑ ለእኛ ሽሙጥ ቦታ አይተውም፤ በማግስቱ ዓመት ግን አሜሪካ ከሽያጭ በፊት ደኅንነትን ማረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። እንግዲህ ይህ ታሪክ ለማን ነው የሚመሰክረው? የጋምቢያው ሽሮፕ የታወቀው ሐኪሞች «በዚህ ውስጥ ምን አለ?» ብለው በመጠየቃቸው፣ ብልቃጡ ስምና መለያ ቁጥር ስለነበረውና ወደ ላቦራቶሪ ስለሄደ ነው። ስም በሌለው የቫዝሊን ዕቃ ያው ነገር ቢደርስ የሚሰበሰብ ምርት፣ የሚጠራ አምራች፣ የሚዘጋ ፋብሪካ የለም። ፋርማሲው ስላሳሳተ ወደማይታወቀው መሸሽ፣ ዳኛው ተሳስቷል ብሎ ፍርዱን ለተከሳሹ መስጠት ነው።

የቀረው ሰበብ «መንግሥት ይቆጣጠር» የሚለው ነው። ይቆጣጠር እንጂ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብና መድኃኒትን ብቻ ሳይሆን መዋቢያንም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ነገር ግን ተቆጣጣሪ የሚፈትሸው የሚያገኘውን ነው፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን የሚያውቁት ሻጩና ገዢዋ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ምስጢር ጠባቂዎች ናቸው። ባለሥልጣኑ የጠረጠረ ሁሉ የሚደውልበት 8482 የሚባል ነፃ የስልክ መስመር አለው። ችግሩ ነፃ መሆኑ፣ ይባስ ብሎም ምስጢር አለመሆኑ ነው። ብልህ ነጋዴ ቢያገኝ ግን ቁጥሩን በብራና ጽፎ፣ በቆዳ ሰፍቶ፣ «ለማንም እንዳትናገር፣ ከተናገርክ አይሠራም» ብሎ በ500 ብር ይሸጠው ነበር፤ ያኔ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ሰልፍ ይሆናል።