«በስልክ አይወራም»

«በስልክ አይወራም፤ በአካል እንገናኝ» የሚሉ ጠንቃቆች አሉ። ጉዳዩ የቤት ሽያጭም ይሁን የዘመድ ሐሜት፣ ሥርዓቱ ያው ነው። ከመንገድ ራቅ ያለ ካፌ ይመረጣል፤ ጥግ ይያዛል፤ አስተናጋጇ ማኪያቶውን አስቀምጣ እስክትርቅ ዝም ይባላል። ከዚያ ሁለቱም ስልካቸውን ከኪስ አውጥተው ጠረጴዛው መሃል ያጋድሙና ሹክሹክታው ይጀመራል።

የባሰበት ጠንቃቃ ደግሞ የላፕቶፑን ካሜራ በፕላስተር ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ፎቶ ላይ የፌስቡኩ ማርክ ዘከርበርግ ላፕቶፕ ካሜራውም የማይክሮፎን ቀዳዳውም ተለጥፎ ታይቷል። የኛው ሰው ግን ዓይኑን ጋርዶ ጆሮውን ክፍት ይተወዋል። «እኔ ማይክሮፎኑን አልጠቀምበትም» ይላል። እሱ አልተጠቀመበትም ማለት ሌላው አይጠቀምበትም ማለት ይመስል!

ሌላው እንዴት ይጠቀምበታል? የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ይሰማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለሌሊት ወፍና ለዶልፊን የተተወ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቻይናው ዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የንግግር ትእዛዝን ከዚህ ጣሪያ በላይ በሆነ ድምፅ ላይ ጭነው ወደ ስልኮችና ሌሎች መሣሪያዎች ላኩ። አጠገቡ ለቆመ ሰው ጸጥታ ነው። ማይክሮፎን ግን ብርቱ ድምፅ ሲመታው የገባለትን እንዳለ አያስተላልፍም፤ ትንሽ ያዛባዋል፤ በመዛባቱም የተሸሸገው ንግግር ተፈልቅቆ ይወጣል። የድምፅ ረዳቶቹ ሲሪም አሌክሳም «አቤት!» አሉ። «ዶልፊን አታክ» የተባለው ይህ ሙከራ የሠራው ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት ነው፤ በካፌ ልክ፣ ከጎን ያለው ጠረጴዛ ማለት ነው።

ባትሪ ለማብራት ብቻ የተጫነ አፕ «ማይክሮፎን ልጠቀም?» ሲል ደግሞ መልሱ ሳይነበብ «ፍቀድ» ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ለ12 አፕ ሠሪዎች ማስጠንቀቂያ የጻፈው በዚሁ ነገር ነው፦ አፖቻቸው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን የሚወጣ ጆሮ የማይለየው ምልክት እየለቀመ ባለስልኩ ምን እንደሚያይ መከታተል የሚችል ኮድ ተገኝቶ ነበር። ዘመዱ 200 ብር ሲበደረው «ለምን? እስከ መቼ?» እያለ የሚያፋጥጥ ሰው፣ አፕ ጆሮ ሲለምነው አንድ ጥያቄ የለውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሴቲንግ ገብቶ የማይገባቸውን አፖች ፈቃድ መንጠቅ፣ የማያዙትን የድምፅ ረዳት ማጥፋት፣ ምስጢር ሲኖር ስልኩን ሌላ ክፍል መተው። ግን ማን ይደፍራል? ለሰው «አይሆንም» ማለት ይከብደናል ሲባል ይሉኝታ ነው እንል ነበር፤ ይሄው ለአፕም ከበደን።