ጎማም ይተነፍሳል

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የወዳጄ የተራራ ብስክሌት ጎማ ግን፣ ምስጋና ለሥልጣኔ ይግባና፣ ሞኝም ወረቀትም አይደለም፤ ማታ የያዘውን ሌሊቱን ሙሉ ሲለቅ ያድራል። ወዳጄ ዓርብ ማታ 24 ፒኤስአይ ሞልቶት ይተኛል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጎማው ጋራዡ ወለል ላይ ተዘርፍጦ ይጠብቀዋል። ታዲያ አይከፋውም። «ቲዩብለስ እኮ ነው» ይላል፣ የባለጸጋ ልጅ ዕቃ ሲሰብር «ልጅ እኮ ነው» እንደሚባለው።

ለማያውቁት ልንገር። ቲዩብለስ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ነው። ንፋሱን የሚይዙት ጎማው ራሱ፣ ቸርኬው ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስተርና ውስጥ የሚጨመረው ነጭ ፈሳሽ ናቸው። የፈሳሹ ዋና ነገር ብዙውን ጊዜ የጎማ ዛፍ ወተት ነው፤ ቁልቋል ሲቆረጥ የሚያነባውን ይመስላል። እሾህ ጎማውን ሲበሳው፣ የሚሸሸው ንፋስ ወተቱን ወደ ቀዳዳው ይጎትተዋል፤ ወተቱም እዚያው ረግቶ ይደፍነዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ በዚህ አልቀልድም። ይልቁንም ወዳጄ ለሚኖርበት ለአውሮራ፣ ኮሎራዶ። የዚያ አገር ሜዳ ኩርንችት ነው። አዎ፣ ያው በባዶ እግራችን ስንሮጥ ተረከዛችንን አድፍጦ ይጠብቅ የነበረው። እኛ ቪዛ ስንጠብቅ እሱ ቀድሞን ገብቷል። አሜሪካኖቹ የፍየል ራስ ይሉታል፤ ፍሬው ቀንድ አለውና። እ.ኤ.አ. በ1961 ይበላልናል ብለው ከባሕር ማዶ ነቀዝ አስመጥተው ለቀቁበት፤ ኩርንችቱ ግን ዛሬም የወዳጄን ጎማ ከመጎብኘት አልቦዘነም።

እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከሚሽላንና ከሃቺንሰን ጋር ሆኖ ለተራራ ብስክሌት ጎማውም ቸርኬውም ተገጣጥመው ያለ ምንም ፈሳሽ ንፋስ የሚይዙበትን መንገድ አወጣ። ጎማው ንፋስ የማያሳልፍ ሽፋን ስለነበረው ግን ከበድ አለ። ግራም የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን እንዴት ይታገሡ! ንፋስ የሚይዘው ሽፋን ተገፎ ቀረ፤ ጎማው ቀለለ፤ በጎኑም ንፋስ ማሳለፍ ጀመረ። ከዚያ ምን ተደረገ? ወተት ተጨመረበት። ቤቱ እንዲቀልለት ቆርቆሮውን ነቅሎ ዝናብ ሲገባ ባልዲ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ ከወዳጄ ጋር ትግባባላችሁ።

ሒሳቡን አንድ ቀን ማኪያቶ ላይ ሠራሁለት። የተሰናበተው ከመነዳሪ 200 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። በምትኩ የገባው ፈሳሽ 100 ግራም ያህል ነው። ፕላስተሩና ቫልቩ የየድርሻቸውን አዋጡ። ቀጥሎ ወዳጄ ቸርኬውን ከድንጋይ የሚጠብቅ ስፖንጅ ጎማው ውስጥ አስገባ፤ ይህ ብቻውን ከመነዳሪውን ያህላል። ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ቀዳዳ መወተፊያ፣ ፓምፕ፣ እንዲሁም 16 ግራም ጋዝ የያዘች ቀለሃ የምትመስል ቆርቆሮ አለች። ቆርቆሮዋ ጎማውን በአንድ ትንፋሽ ትሞላለች፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከተራ አየር ይልቅ ጎማን ሾልኮ መውጣት ስለሚቀናው በማግሥቱ ያው ነው። ከዚህ ሁሉ ሥር፣ ቦርሳው ወለል ላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ከመነዳሪ! «ለክፉ ቀን» አለኝ። ድሮ ብስክሌቱ ይሸከመው ነበር፤ አሁን ወዳጄ ይሸከመዋል። የፈታትን ሚስት አዝሎ ገበያ የሚወጣ ባል ይሉሃል ይህ ነው።

ልጅ ሳለን ሰፈራችን የነበረው ጎሚስታ ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ ሳፋ ውሃ ይጨርሰው ነበር። ከመነዳሪውን ነፍቶ ውሃው ውስጥ ያዞረዋል፤ አረፋ ያወጣበትን በአውራ ጣቱ ይይዛል፣ ይሞርዳል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይለጥፋል። ወዳጄ ደግሞ እሑድ እሑድ የብስክሌቱን እግር እንዳለ ገላ መታጠቢያው ውስጥ ያጠልቃል፤ ልጆቹ ፎጣቸውን ይዘው በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። አረፋው ከሽቦዎቹ ሥር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ይህ ማለት ጥፋተኛው ከውስጥ የተለጠፈው ፕላስተር ነው ማለት ነው። ወዳጄ አረፋውን በጥሞና ተመልክቶ አዲስ ጎማ ያዛል።

ደረጃው ላይ ለመድረስ የምትመኙ ካላችሁ መንገዱ ቀላል ነው። ፕላስተሩን ስትለጥፉ ቸርኬውን በአልኮል እንዳትጠርጉት፤ ቅባቱ ቅርስ ነው። ወጥራችሁም አትለጥፉት፣ ዘና ይበል። የቫልቩን ቀዳዳ በምላጭ ሰፋ አድርጋችሁ ቅደዱለት፤ ንፋስ እንግዳ ነውና በር አይጥበበው። ፈሳሹን ከጨመራችሁ በኋላ እግሩን በየጎኑ አጋድማችሁ አትናጡት፤ ጎንና ጠርዙ ወተት ጠጥተው ቢደፈኑ እሑድ ምን ልትሠሩ ነው? ከመውጣታችሁ በፊት ንፋሱን መለካትም የፈሪ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈሳሹን በየሁለት ሦስት ወሩ ከፍታችሁ እንዳታዩት። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ ወተቱን ቶሎ ያደርቀዋል፤ አየሩ ሥራውን ይሥራ፣ ምን አገባችሁ።

«ፈሳሹን መቼ ነው የጨመርከው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ፋሲካ ላይ።»

«የዘንድሮውን ነው የአምናውን?»

ዝም አለ። ጎማውን ስንከፍተው እንደታኘከ ማስቲካ የተድቦለቦለ ነገር ተንከባሎ ወጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ክፉ ቀን መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ገና ዳገት ሲጀምር፣ ጎማው ተነፈሰ። ወዳጄ ቀለሃዋን ተኮሰ፤ ፉሽ ብሎ ቀረ። በመጨረሻ ያን በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ እንደ ጠፋ ዘመድ አቀፈው፣ ጎማው ውስጥ አስገባው፣ ነፋው። ለአፍታ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ ስስስ አለ። ለካስ ወተቱ በደኅናው ዘመን ዙሪያቸውን እየደፈነ ያኖራቸው ኩርንችቶች ቀንዳቸውን ወደ ውስጥ እንዳሾሉ እዚያው ተሰክተው ኖረዋል። ማንም ነቅሏቸው አያውቅም፤ ሁሉም ከመነዳሪውን በአንድነት ተቀበሉት።

እኔ መኪናው ዘንድ ቁጭ ብዬ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር። ከሩቅ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመጣ አየሁት።

«እህሳ፣ ቀለለ?» አልኩት።