«ተስማምታችኋል» ለምትሉን

«አገልግሎታችን ነፃ ነው» ትላላችሁ። ነፃ አይደለም። የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ ባለቤት ሜታ በ2024 ከ164 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል (እዚህ የምጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ውስጥ ከመቶው 97 እጅ በላይ የሚሆነው ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው የሚያየው ሰው ስላለ ነው። የሚያየው ሰው ደግሞ እናንተን ፈልጎ አይመጣም፤ እህቱን፣ የሰፈሩን ልጅ፣ የዘመድ መርዶ፣ የሙሽራ ፎቶ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ያን ሁሉ ይዞ የሚገባውም እሱው ነው። ስለዚህ ከፍለናል፤ ዓመታት ሙሉ በዓይናችን ስንከፍል ኖረናል። አሁን ደግሞ ዓይናችን አልበቃ ብሎ አፋችን ተፈለገ፤ በይፋ የጻፍነው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ ሆነ።

«ተስማምታችኋል» ትላላችሁ። መቼ? በጁላይ 2024 የኤክስ ተጠቃሚዎች፣ ጽሑፋቸው ግሮክ የተባለውን ሞዴል እንዲያሠለጥን የሚፈቅደውን ቅንብር ቀድሞ በርቶ አገኙት። በሴፕቴምበር ሊንክድኢን ያንኑ ደገመ። እናንተ ያበራችሁትን እኛ አበራነው ማለት ስምምነት አይባልም። ጠይቃችሁን ዝም ብንል አንድ ነገር ነበር፤ አልጠየቃችሁም። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን ኤክስን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲያቆመው ግን፣ በኦገስት የአውሮፓውያኑን ጽሑፍ ለግሮክ ማሠልጠኛ መጠቀሙን ለማቋረጥ ተስማማ። በዚህ ታሪክ ውስጥ በእውነት የተስማማ ወገን ካለ እናንተ ናችሁ፤ እሱም ዳኛ ፊት ቆማችሁ።

«በአደባባይ የለጠፋችሁት ነው» ትላላችሁ። ለማን ለጠፍነው? በ2009 ልጇን አቅፋ የተነሳችውን ፎቶ የለጠፈች እናት የፈቀደችው ሰው እንዲያየው ነው። ማሽን ይማርበታል ብሎ የነገራት የለም። በሴፕቴምበር 2024 የአውስትራሊያ ሴኔት የሜታን የግላዊነት ኃላፊ አስቀርቦ ጠየቃቸው፤ ከ2007 ወዲህ ሰዎች ሆን ብለው ካልዘጉት በስተቀር በፌስቡክና በኢንስታግራም በይፋ የለጠፉትን ጽሑፍና ፎቶ ሁሉ ወስዳችኋል፣ እውነት ነው ወይ? «ትክክል» ብለው መለሱ። የአዋቂዎች ገጽ ላይ የተለጠፈ የሕፃናት ፎቶስ? እሱም ተወስዷል። ታዲያ አውሮፓውያን እምቢ የማለት መብት ሲሰጣቸው አውስትራሊያውያን ለምን ተነፈጉ ሲባሉ፣ ምክንያቱ የአውሮፓ ሕግ ነው አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ነውና። ሜታ በ2024 የአውሮፓውያንን ጽሑፍ ሊወስድ ተነስቶ ነበር። ከሳሾች ተነሱ፣ የአየርላንዱ ተቆጣጣሪ አስቆመው፣ ዓመት ገደማ ዘግይቶ በሜይ 2025 ሲጀምርም እምቢ ለሚል ሰው የመቃወሚያ ቅጽ አቅርቦ ነው። ስለዚህ ፍራንክፈርት የምትኖር ኢትዮጵያዊት ቅጹን ሞልታ «ቃሌን አትንኩ» ማለት ትችላለች። አዲስ አበባ ያለች እናቷ አትችልም። ቨርጂኒያ ያለ ወንድሟም አይችልም። ሦስቱ በአንድ የልደት ፎቶ ሥር በአንድ ቋንቋ የጻፉት ምርቃት በሦስት አገር ሁለት ዓይነት ክብር አለው። እናንተ ፈቃድ የምትጠይቁት የሰውን ፊት አይታችሁ አይደለም፤ ከኋላው ሕግ መቆሙን አይታችሁ ነው።

«የጻፋችሁት የእናንተው ንብረት ነው፤ ውላችን ላይ ሰፍሯል» ትላላችሁ። አዎ፣ ሰፍሯል። ከሥሩ ግን ያለ ክፍያ፣ በዓለም ዙሪያ፣ ለዘለዓለምና በማይሻር ፈቃድ እንደምትጠቀሙበት ሰፍሯል። ይህ የሬዲት ውል ነው። ሬዲት በፌብሩዋሪ 2024 አክሲዮን ለሕዝብ ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ ላይ፣ የመረጃ ፈቃድ ውሎቹ በድምሩ 203 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጡ ጻፈ። በዚያው ወር ከጉግል ጋር መዋዋሉ ይፋ ሆነ፤ ኦፕንኤአይ በሜይ ተከተለ። የተሸጠው ምንድን ነው? አንዱ መኪናው አልነሳ ብሎት የጠየቀው፣ ሌላው ሌሊት ቁጭ ብሎ የመለሰለት፣ ሦስተኛው ስድቡንና ማጭበርበሩን እያጸዳ የጠበቀው ነው። ጠባቂዎቹ ደመወዝ የላቸውም፤ በፈቃዳቸው ነው የሚሠሩት። በጁን 2023 ሬዲት ለሌሎች ሶፍትዌር ሠሪዎች መረጃ የሚሰጥበትን መስመር ባለዋጋ ሊያደርገው ሲል፣ እነዚሁ ሰዎች ተቃውመው በሺህ የሚቆጠሩ መድረኮችን ዘግተው ነበር። ዋጋው አልተነሳም።

«አክሲዮን እንዲገዙ ዕድል ሰጥተናቸዋል» ትላላችሁ። በገዛ ገንዘባቸው! የሠሩትን ቤት ለሠሪዎቹ በዋጋ ማቅረብ ውለታ አይደለም።

ይኸው ሬዲት በጁን 2025 አንትሮፒክ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሰ፤ ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ የተጠቃሚዎቼን ጽሑፍ ወስዶ ሞዴሉን አሠልጥኖበታል ሲል። ተከሳሹ ክሱን አልተቀበለውም፤ ፍርዱ የዳኞቹ ነው። በዚያው ወር ኤክስም ደንቡን ቀይሮ፣ በእሱ ላይ የተጻፈውን ይዘት ሌላ ኩባንያ ሞዴል እንዳያሠለጥንበት ከለከለ። እንግዲህ ያለ ፈቃድ መውሰድ በደል መሆኑን ታውቃላችሁ ማለት ነው። በእናንተ ላይ ሲደርስ ጠበቃ ትቀጥራላችሁ። በእኛ ላይ ሲደርስ ቅንብር ታሳዩናላችሁ።

«ረዳት ሰጠናችሁ» ትላላችሁ። በዋትስአፕና በፌስቡክ ውስጥ የተቀመጠውን ሜታ ኤአይ ማለታችሁ ነው፤ በ2025 በወር አንድ ቢሊዮን ሰው እንደሚጠቀምበት ተናግራችኋል። ይጠቅማል፤ ደብዳቤ ያስተካክላል፣ የቤት ሥራ ያስረዳል። ነገር ግን ከዲሴምበር 16 ቀን 2025 ጀምሮ ሰው ከዚህ ረዳት ጋር ያወራውን ለማስታወቂያ መምረጫ እንደምታውሉት እናንተው አሳወቃችሁ። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ፖለቲካ የተወራውን ለማስታወቂያ አንነካም ብላችኋል፤ መልካም። የቀረውስ? ሰው ለረዳት የሚነግረውን በገጹ ላይ አይለጥፍም። ዕዳውን፣ ከሥራ መባረሩን፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባበት ገንዘብ ማጣቱን ይነግረዋል። የቸገረው ሰው ችግሩን የተናገረበትን አፍ ለነጋዴ መስጠት ነውር ነው። ይህም ሲጀመር ለአውሮፓ ኅብረት፣ ለብሪታንያና ለደቡብ ኮሪያ ቀርቶላቸዋል። ምክንያቱን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት አጭበርባሪዎችን ይይዝላችኋል» ትላላችሁ። ይይዛልማ። ይዞስ ምን ያደርጋል? ሮይተርስ በኖቬምበር 2025 የሜታን የውስጥ ሰነዶች አግኝቶ ጽፏል። ኩባንያው ራሱ በ2024 ከገቢው አሥር በመቶ የሚሆነው፣ 16 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከማጭበርበሪያና ከተከለከለ ዕቃ ማስታወቂያ እንደሚመጣ ገምቶ ነበር። ማሽኑ አንድን አስተዋዋቂ የሚያግደው አጭበርባሪ ስለመሆኑ ቢያንስ 95 በመቶ ሲተማመን ነው። ከዚያ በታች የተጠረጠረው ምን ይሆናል? የማስታወቂያ ዋጋ ይጨመርበታል። ቃል አቀባያችሁ ግምቱ ከልክ በላይ ያካተተ ነው አሉ። ይሁን፤ ግማሹን ቀንሱለት። ስምንት ቢሊዮን ዶላር ቀረ፤ የእያንዳንዱን ዶላር ተዘራፊ ትመልሱልናላችሁ?

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ የማጭበርበሪያ ማስታወቂያን አንዴ ለተጫነ ሰው፣ መራጩ ሥርዓት «ይህን ይወዳል» ብሎ ተጨማሪ ያመጣለታል። የውጭ አገር ሥራ የሚል ማስታወቂያ አይታ ተስፋ ያደረገች ልጅ ነገ አምስት ዓይነት ተመሳሳይ ማስታወቂያ ይደረደርላታል። ማሽኑ ተስፋዋን ተምሯል። የተማረውን የሚሸጠው ግን እሷን ለሚዘርፋት ሰው ነው። ይህን ቴክኖሎጂ ብላችሁ አትጥሩብኝ፤ ይህ ድለላ ነው።

«ቋንቋችሁን አሳደግንላችሁ» ትላላችሁ። ሜታ በ2022 ሁለት መቶ ቋንቋዎችን የሚተረጉም ሞዴል ሲያወጣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ከውስጡ ነበሩ። አልክድም፤ ጠቃሚ ሥራ ነው፣ የሠሩትንም ባለሙያዎች አመሰግናለሁ። ግን አማርኛ ለመተርጎም የደረሰ ማሽን አማርኛ ሲገድል ለምን አይሰማም? የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በ2021 ይዛ በወጣችው ሰነድ ውስጥ፣ ፌስቡክ ሐሰተኛ መረጃን ለመለየት ከሚመድበው የሥራ ጊዜ በጀት 87 በመቶው ለአሜሪካ ነበር፤ የሰሜን አሜሪካ ተጠቃሚ ግን ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። አኃዙ የውጭ አጣሪዎቻችንን አይጨምርም አላችሁ። ጨምሩበትና ለባሕር ዳር የደረሰውን ንገሩን።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በኖቬምበር 2021 ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና ፎቶአቸውን ይዘው፣ የትግራይ ተወላጅነታቸውን ኢላማ አድርገው የወነጀሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው አንሱልኝ ብሎ ደጋግሞ ለፌስቡክ አመለከተ። ቢያንስ አንዱ ጽሑፍ ግድያው ዓመት ካለፈው በኋላም፣ በዲሴምበር 2022፣ ገጹ ላይ እንደነበረ በሜታ ላይ የቀረበው ክስ ይናገራል። ክሱ የቀረበው ናይሮቢ ነው፤ የጽሑፎቹን መስፋፋት የሚወስነው የፌስቡክ አልጎሪዝም ጥላቻን አራግቧል የሚል ነው። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025 እችላለሁ አለ።

እድር ውስጥ መዋጮውን የከፈለ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ይተከልለታል። እናንተ መዋጯችንን ተቀብላችኋል፤ ድንኳኑን ግን ከልክላችሁናል። ይህን ስል ጉሮሮዬን ያንቀኛል። የሰውየውን ሞት ለክርክር ማሳመሪያ ላደርገው አልፈልግም፤ ግን አማርኛችን ለሽያጭ ሲሆን ይነበባል፣ ለአቤቱታ ሲሆን አይነበብም ስንል ሌላ ምን ማስረጃ እናምጣ?

«ካልፈለጋችሁ ውጡ» ትላላችሁ። ወዴት? የእድሩ ጥሪ፣ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ፣ ቤይሩት ያለች ልጅ ድምፅ፣ የነጋዴዋ ደንበኛ እዚያው ነው። ሁሉንም ሰብስባችሁ እናንተ ጋ ካደረጋችሁ በኋላ ውጡ ማለት ምርጫ መስጠት አይደለም። ደግሞስ ብንወጣ ያሠለጠናችሁበትን ትመልሳላችሁ? ሞዴል የተማረውን አያስረክብም።

አሁን የቀረኝ ነገር ከእናንተ ጋር አይደለም፤ ከገዛ ቤታችን ጋር ነው። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) አላት፤ የማስፈጸሙ ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አውስትራሊያውያን እውነቱን ያወቁት አንድ ሴናተር ጥያቄውን ቀጥ አድርጎ ስለጠየቀ ነው። ባለሥልጣኑም እንዲሁ ይጠይቅልን። ከ2007 ወዲህ ኢትዮጵያውያን በይፋ የለጠፉት ጽሑፍና ፎቶ ተወስዷል ወይስ አልተወሰደም? የልጆቻችን ፎቶ ውስጡ አለ ወይስ የለም? ፍራንክፈርት ላለችው የተሰጠው ቅጽ አዲስ አበባ ላለችው መቼ ይደርሳል? መልሱን በጽሑፍ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ በአማርኛ።