ክዳኑን አትክፈቱ

የድንክ ዶሮ እንቁላል ከ25 እስከ 40 ግራም ይመዝናል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከ40 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል፤ በየሱቁ የሚሸጠው የፈረንጅ እንቁላል ደግሞ 60 ግራም ገደማ ነው። የማስፈልፈያ ማሽን ሠሪዎች በልባቸው የያዙት ይህን የመጨረሻውን ነው። በመሆኑም የድንክ እንቁላል ከቻይና በመጣ ማሽን ትሪ ላይ ሲቀመጥ የታላቅ ወንድሙን ጫማ ያጠለቀ ልጅ ይመስላል። ማሽኑ ለማገላበጥ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንከባለላል፣ ከጎረቤቱ ይጋጫል፣ አንዳንዱም ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ያርፋል። ጫጩት መጀመሪያ የምትተነፍሰው በሰፊው ጫፍ በኩል ካለው የአየር ኪስ ነውና ተዘቅዝቆ የከረመ እንቁላል ብዙውን ጊዜ ተስፋ የለውም። በየጉድጓዱ ዳር የታጠፈ ካርቶን መወተፍ ችግሩን ይፈታል።

ሁለተኛው ጣጣ ድርቀት ነው። ትንሽ እንቁላል ከክብደቱ አንጻር ቅርፊቱ ሰፊ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። የኮንዶሚኒየም ሰፈሯ ቂሊንጦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ እምብዛም አይበልጥም። አየሩ ሲሳሳ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ሾልኮ የሚወጣው እርጥበት ቢያንስ በሩብ ያህል ይፈጥናል። አንድ እንቁላል እስኪፈለፈል ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ቢያጣ ደግ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጫጩቷ በደረቀ ሽፋን ተጠፍራ ትቀራለች። ከማሽኑ ጋር የመጣው ወረቀት «እርጥበት ከ50 እስከ 55 በመቶ» የሚለው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ድሮ ጤፍና ሽንብራ ይዘራበት በነበረው የአቃቂ ሜዳ ደረቅ ነፋስ ሲነሣ፣ የውሃ ሳህኑን ጠዋት ሞልቶ ማታ ባዶ ማግኘት የተለመደ ነው። የአየር ኪሱ ምን ያህል እንደሰፋ እንቁላሉን ጨለማ ክፍል ውስጥ በሞባይል ባትሪ ብርሃን አይቶ ማወቅ ይቻላል።

ሙቀቱ ማራገቢያ ባለው ማሽን 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ማሽኑ በረንዳ ላይም ሆነ መስኮት ሥር አይቀመጥም፤ የኅዳር ሌሊት የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አያግደውም። የጋራ ኮሪደርም አይሆንም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

መብራት ሲሄድ ምን ይደረጋል? በቂሊንጦ ይህ ጥያቄ «ቢሄድ» ተብሎ አይጠየቅም። ማሽኑ ላይ ጋቢ ይደረባል፣ የአየር መግቢያው ክፍት ይተዋል፣ በጎኑ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ይደገፋል። ያስፈለፈለ ሁሉ ሲከስር «መብራት ሄዶብኝ ነው» ይላል፤ መብራት ግን ከሚገባው በላይ ይታማል። የታቀፈች ዶሮ ራሷ በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አቧራ ትታጠባለች፤ እንቁላሉ ያን ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ አይሞትም። ሰዓት ሁለት ሰዓት የሚጠፋ መብራትን ፅንሱ ብዙውን ጊዜ ይችለዋል። የማይችለው ክዳኑን የሚከፍተውን ሰው ነው።

ክዳን ከፋቾች በዓይነት በዓይነት ናቸው፤ የጋራ ኮሪደር የማይሆነውም በእነሱ ምክንያት ነው። ቡና ሊጠጣ መጥቶ «እስቲ ልየው» የሚል አለ። ልጁን አቅፎ «ያውልህ፣ እንቁላል» የሚል አለ፤ ልጁ እንቁላል አይቶ የማያውቅ ይመስል። ለቲክቶክ ሊቀርጽ ስልኩን አስገብቶ መስታወቱን በእስትንፋሱ የሚያደበዝዝም አለ። አገር ቤት ይህ ጣጣ አልነበረም። የታቀፈች ዶሮ ክዳኗ ራሷ ናት፤ ጠጋ ያለውን በመንቆሯ ትወጋለች። ማሽን መንቆር የለውም። የሚገርመው፣ ዶሮዋ መታቀፍ ስታበዛ አፍንጫዋ ውስጥ ላባ እየሰካን፣ በእግሯ ዘቅዝቀን እያንጠለጠልን፣ ጎረቤት ቤት እየሰደድን ከመታቀፍ ስናስተዋት ኖረን፣ ዛሬ እሷ በነጻ የምትሠራውን ሥራ የሚሠራ ሳጥን በብር እንገዛለን።

ግብፆች ነገሩ ገብቷቸዋል። ከ2,000 ዓመት በላይ በጭቃ ምድጃ ሲያስፈለፍሉ ኖረዋል፤ አርስቶትል በፍግ ክምር ስለሚፈለፈል የግብፅ እንቁላል ጽፏል፤ ፈረንሳዊው ሬኦሚርም እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1749 ባሳተመው መጽሐፍ ምድጃዎቹን ለመቅዳት ሞክሯል። የግብፆቹ ሠራተኞች እዚያው ምድጃው ዘንድ አብረው ከርመው፣ ቴርሞሜትር ስላልነበራቸው እንቁላሉን የዐይናቸው ቆብ ላይ እያስጠጉ ሙቀቱን ይለኩ ነበር። ሙያውን ከቤተሰብ አያወጡትም። ወደ ምድጃው የሚገባው አንድ ሰው በጭንቅ በሚሾልክባት ቀዳዳ ነው፤ ከፈጠራው ሁሉ ብልህነት የታየባት እሷ ናት። ነጠላዋን ያጣፋች የቡና እንግዳ በሆዷ ተስባ «እስቲ ልየው» አትልም።

ከሁሉ የከፋው «ረዳቱ» ነው። ጫጩቷ ቅርፊቱን ከሰበረች በኋላ እስክትወጣ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጅባታል፤ ተኝታ አይደለም፣ አስኳሉን ወደ ሆዷ እየሰበሰበች፣ የሽፋኑ ደም ሥሮች እስኪደርቁ እየጠበቀች ነው። ረዳቱ ይህን ሁሉ በጥፍሩ ይልጠዋል። ክዳኑ ሲከፈት እርጥበቱ ይወጣል፣ የሌሎቹም ሽፋን ይደርቃል፣ የተላጠችው ትደማለች፣ ያልተላጡትም ታንቀው ይቀራሉ። ከዚያ እጁን እየጠረገ «ደካማ ነበረች» ይላል። ደካማ አልነበረችም! የደከመው የእሱ ትዕግሥት ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብሎ የተረተ ሕዝብ፣ እንቁላሉ በእውነት እግር ሊያወጣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ጥፍሩን ማስገባቱ ይቅር የሚባል አይደለም። በቆይታው የሚጠፋ ነገርም የለም፤ የዋጠችው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያለ እህል ውሃ ያቆያታል።

ክዳን ከፋቾቹ ልጆችና ሽማግሌዎች ሲሆኑ ግን መከልከል ያስቸግራል። አንዲት እናት ልጄ ቤት ምን ይንጫጫል ብለው ቢያዩ ማን ይቆጣቸዋል?

ቀኑን በተመለከተ፣ 21 ቀን የሚባለው ለትልቅ ዶሮ ነው። ድንክ በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ሊፈለፈል ይችላል። ስለዚህ ማገላበጡ በ18ኛው ሳይሆን በ16ኛው ወይም በ17ኛው ቀን ይቁም፤ እርጥበቱም ያኔ ወደ 70 በመቶ ይጠጋ። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ሩቡ ካልተፈለፈለ፣ ጥፋቱ የክዳን ከፋቹም ላይሆን ይችላል። እግረ አጭሩ የጃፓን ድንክ፣ አጭር ከአጭር ሲዳቀል፣ ከአራት አንዱ ፅንስ ገዳዩን ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ወርሶ እቅርፊቱ ውስጥ ይሞታል። ሰው ለመልኩ ብሎ የገዛው እግር ዋጋው ይህ ነው።

የተፈለፈሉት ሲደርቁ ወደ ማሞቂያ ይዛወራሉ። ለትልቅ ጫጩት የተሠራ የውሃ መጠጫ ለድንክ ጫጩት ሐይቅ ነው፤ ሳህኑ ውስጥ ጠጠር ካልተደረገ ይሰምጣሉ። መኖው በደንብ የደቀቀ ይሁን።

ግማሽ ያህሉ አውራ ይሆናል። የድንክ አውራ ቁመቱ እንጂ ጩኸቱ አያንስም፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አራተኛ ፎቅ ሆኖ ሲጮህ የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ይጠራል። ለበዓል ይታረድ የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ ግን ግማሽ ኪሎ ሥጋ የማይወጣው ዶሮ ለ12 ብልት ሲካፈል ፈረሰኛው ለማን እንደሚደርስ እስካሁን የተስማማ ቤተሰብ የለም።