ከጦሳ እስከ ሐረጎ ግርጌ የሚጸና የኮድ ጸሐፊዎች አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ዳታ ያለህ ለሌለው አስተላልፍ!

(ነጋሪት ስላልተገኘ ጀነሬተር ተነስቷል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ይሰማል።)

እኛ፣ ሞዓ ቫይረስ ዘእምነገደ ፎክስፕሮ፣ ሥዩመ ሰርቨር፣ ከ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ዲስክ ዘመን ጀምሮ በደሴ ብርድ ጣታችን እየደነዘዘ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ኪቦርዱ ላይ ላባችን እየተንጠባጠበ ኮድ ስንጽፍ ፀጉራችን የሸበተ፣ ወገባችን በፕላስቲክ ወንበር የጎበጠ፤

ወጣት ፕሮግራመሮች ተመርቀው በመጡ ቁጥር «ይሄ ኮድ ፈርሶ እንደ አዲስ ካልተጻፈ» እያሉ እንቅልፍ የነሱን በመሆኑ፤

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ፕሮግራመርን ከፕሪንተር ጠጋኝ፣ ከፕሮጀክተር አብሪና ከስልክ አስተካካይ ለይተው ማየት የተሳናቸው በመሆኑ፤

ከሁሉ በላይ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ የቆመው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» መባል ያንገሸገሸው በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 0፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የአብሽር ማስቀሪያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የአዋጁ ቁጥር ገና አልተሰጠም፤ ቁጥር የሚሰጠው ሲስተም ቆሟል። ከዜሮ የጀመርነው ተሳስተን አይደለም፤ ነገሩ ያልገባው የሕግ ባለሙያ አጠገቡ ያለ ፕሮግራመር ይጠይቅ።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ሲስተም የለም» ማለት መብራት ጠፍቷል፣ ወይም ኔትወርክ ተቋርጧል፣ ወይም ፓስዋርዱን የሚያውቀው ልጅ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዷል፣ ወይም ቡና እየተፈላ ነው ማለት ነው። በእውነት ሲስተም የሌለበት ጊዜም አለ፤ ገና ጨረታ ላይ ነው። የምረቃው ባነር ግን ተሠርቶ አልቋል።

«አብሽር» ማለት በወሎ ሰው አፍ አይዞህ፣ አትስጋ ማለት ሲሆን በፕሮግራመር አፍ «አልሞከርኩትም» ማለት ነው።

«ትንሽ ነገር ናት» ማለት ከኃላፊ አንደበት ሲወጣ የሦስት ወር ሥራ ማለት ነው።

«አይቲው» ማለት ኪሱ ውስጥ ፍላሽ የተገኘበት ማንኛውም ሰው ነው።

በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል። እንዲያውም በቢሯችን ባክአፕ የምትይዘው ብቸኛ ሰው ሴት ናት።

አንቀጽ 2፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ካለው ዋና ቢሮ ተነስቶ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ ኮምቦልቻ እስካለው ቅርንጫፍ ድረስ ይጸናል። መስመር በተቋረጠ ጊዜ ፋይል በሚኒባስ ይላካል። ማንም እንዳይስቅ! ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ኪሱ የከተተ መልእክተኛ በ40 ደቂቃ ኮምቦልቻ ከገባ በሴኮንድ ከ200 ሜጋቢት በላይ አሳልፏል ማለት ነው። ቢሯችን እንዲህ ያለ ፍጥነት በገመድ አግኝቶ አያውቅም። የዚህ ኔትወርክ ጉድለቱ ሁለት ነው፤ መኪናው እስኪሞላ ረዳቱ አያስነሳም፤ መልሱ የሚመጣው ደግሞ መልእክተኛው ምሳውን ከበላ በኋላ ነው።

አንቀጽ 3

(ተሰርዟል። ማን፣ መቼና ለምን እንደሰረዘው አይታወቅም። ጊት ተጠቀሙ እያልን ጉሮሯችን የነቃው ለዚህ ነበር።)

አንቀጽ 4፦ ስለ ስያሜ

ለሚሠራበት ነገር ስም ያላወጣ ፕሮግራመር ልጁን «ሕፃን 1» ብሎ ክርስትና እንዳስነሳ ይቆጠራል። «ኤክስ»፣ «ኤክስ 2»፣ «አዲሱ ኤክስ» የሚባሉ ስሞች ተሽረዋል። የደመወዝ ተቀናሽ የሚይዝ ነገር የደመወዝ ተቀናሽ ይባል፤ ፊደል አይገዛም።

ማስታወሻም እንደዚሁ። አንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ በላይ መስመር ባለው ኮድ መካከል «ይህን አትንካ!» የሚል ማስጠንቀቂያ አገኘን። አዝዋ ገደል አፋፍ የቆምን ያህል ደነገጥን። ከኛ በፊት የነበረው ልጅ አሁን አዲስ አበባ ነው፤ ደወልንለት። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔም ስመጣ ነው ያገኘሁት» አለ። ከእሱ በፊት የነበረው ዱባይ ነው፤ እሱም ሲመጣ ነው ያገኘው። ሦስት ትውልድ ፕሮግራመር ያንን መስመር እየዞረ ሲያልፍ ኖሯል። በመጨረሻ ነካነው። ምንም አልሆነም፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተጣለ ፕሪንተርን የሚጠራ ኮድ ነበር። ከእንግዲህ «አትንካ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለምን እንደማይነካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳ፤ ስሙንም ይጻፍ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሰው ስም

የስም መቀበያ ሣጥን ሁሉ እንደ አይጠየፍ አዳራሽ ይሁን። ንጉሥ ሚካኤል ያንን የግብር አዳራሽ ሲያሠሩ ገቢውን በልብሱ አልለዩም፤ ኮዳችንም ሰውን በፊደሉ አይለይ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ድምፁ ሳይለወጥ በ12 ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ ሁለት ፀ፣ ስድስት ሀ። ቁጠሩት። ባለፈው ዓመት በአንደኛው ሀ የተመዘገበች ሴት ዘንድሮ በሌላኛው ስትፈለግ «የለችም» ትባላለች፤ ፊት ለፊት ቆማ መታወቂያዋን እያሳየች። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ወደ አንድ ይመለሱ። ባለቤቷ የጻፈችው ፊደል ግን እንዳለ ይቀመጥ፤ ስሟ የእሷ እንጂ የኛ አይደለም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ዛሬም በድሮ ፎንት ደብዳቤ ጽፎ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ምልክት ዶፍ የሚያወርድብን ጸሐፊ ካለ እጁን ያሳይ።

ከስም ተነስቶ ሃይማኖት የሚገምት ኮድ በወሎ ምድር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አንድ ከሌላ አገር የመጣ ጎበዝ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ነበር። አባት ይማም፣ ልጅ ኃይለማርያም ሲመጣበት ሲስተሙ «ስህተት» አለ። ስህተቱ የማን እንደሆነ ለልጁ ለማስረዳት ሦስት ስኒ ቡና ፈጅቷል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ቀንና ሰዓት

ይህን አንቀጽ ስናውጅ ራሳችንን እየከሰስን ነው።

ከዓመታት በፊት ስሙን የማንጠራው መሥሪያ ቤት ፕሪንተር እንድናይ ተጠራን። ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክከን ገመድ ስንፈልግ፣ መዝጋቢዋ ከመስኮቱ ወዲያ ካለች እናት ጋር ስትነጋገር ሰማን።

«ልደቱ መቼ ነው እህቴ?»

«ጳጉሜን 4።»

ማውሱ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

«ጳጉሜን የለውም።»

«ምኑ?»

«ሲስተሙ። መስከረም 1 ልበለው?»

«ኧረ በአላህ! ያማጥኩት እኔ፣ ቀን የሚቆርጥልኝ ኮምፒውተር? መስከረም ካልሽውማ ዓመቱም ተለወጠ። ትምህርት ቤት ‹አልደረሰም› ብለው ይመልሱብኛል።»

«አብሽሪ፣ የሁለት ቀን ነገር ናት።»

በዚህ መካከል ገመዱን አግኝተን ሰካን። ፕሪንተሩ አንጎራጎረ፣ ሞቀ፣ አንድ ወረቀት ወለደ። መስከረም 1 ይላል። መዝጋቢዋ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለችን። ቀና ብለን ስክሪኑን ስናይ ያንን የወራት ዝርዝር አወቅነው። የጻፍነው እኛ ነን። ከውጭ መጽሐፍ 12 ወር ገልብጠን፣ ስሙን አማርኛ አድርገን፣ ነሐሴ ላይ ስንደርስ ሣጥኑ ስለሞላ አልቋል ብለን ዘግተነዋል። ለማስተካከል አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ግን በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ በኛው እጅ በተጠገነ ፕሪንተር የታተመ የተሳሳተ ልደቱን ይዞ ሄዷል።

ስለሆነም ዓመት 13 ወር ነው። ለቱሪስት «የ13 ወር ፀጋ» ሲሉ ኖረው ለባለጉዳይ 12 መስጠት ተከልክሏል። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን መሆኗን የማያውቅ ኮድ ከደሴ ኬላ አያልፍም። ሰዓትም በኛው ይቆጠር። አንድ ጊዜ ለሠራተኛ ሁሉ «3 ሰዓት ላይ» የሚደርስ የስብሰባ መልእክት አዘዝን፤ ሰርቨሩ በራሱ 3 ሰዓት፣ ማለትም ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ የሰዉን ስልክ ሁሉ አስጮኸ። አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ መርዶ መስሏቸው ጋቢያቸውን ለብሰው ወጥተዋል።

ሌላም አለ። ብዙ የድሮ ማሽኖች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ በሴኮንድ ነው። ቆጠራው የሚጠራቀምበት የ32 ቢት ስልቻ ጢም የሚለው ጥር 11 ቀን 2030፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው። አዎ፣ በጥምቀት ጠዋት። ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሳይነሳ ያልታደሰ ሰርቨር ሁሉ ወደ 1894 ይመለሳል፤ አጤ ምኒልክ ዙፋን ላይ፣ ራስ ሚካኤል ወሎ ላይ ናቸው። የዚያን ዕለት ተረኛው ሙስሊም ባልደረባችን ነው፤ የዒድ ተራውን እንደወትሮው እኛ እንሸፍንለታለን። ግን እባካችሁ ከዚያ በፊት አድሱት፤ ሰውዬውን አናስጨንቀው።

አንቀጽ 7፦ ስለ ባክአፕ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ሲያዙ ብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን አጣ። የኛ ባክአፕ ከኮምፒውተሩ ሥር ባለ መሳቢያ ተቆልፎበት ነበር፤ አብሮ ሄደ። ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሰርቨሩ የነበረበት አራት ማዕዘን ከአቧራ የጠራ ቦታ ብቻ ነው። የተረፈን ያቺ ባክአፕ የምትይዘው ባልደረባችን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ በሰው ብዛት መካከል ደብረ ብርሃን ያደረሰችው አንድ ፍላሽ ነው። ማንም አላዘዛትም። ማንም አበል አልከፈላትም።

ከእንግዲህ ሦስት ቅጂ ይያዝ፦ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ በመቀነት።

አንቀጽ 8፦ ስለ ቢሮ ኑሮ

ኮድ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ጸሐፊው ለባልደረቦቹ እያስረዳ ያሳየው። በአቦል ያልታየ ስህተት በቶና ይታያል። በረካው ተቀድቶም «እንዴት እንደሚሠራ እንጃ፣ ቻትጂፒቲ ነው የጻፈልኝ» የሚል ካለ የሳምንቱ ስኳር በእሱ ነው።

ዓርብ ከ5:30 በኋላ አፕዴት መልቀቅ ክልክል ነው። ገሚሱ ጁምዓ ይሄዳል፣ ገሚሱ ምሳ፤ ከሰዓት ማንም ስልክ አያነሳም፤ ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሰኞ ገበያን የሚያህል ሕዝብ ይጠብቃችኋል።

ፓይተን ይሻላል፣ ጃቫ ይሻላል እያላችሁ አትናከሱ። ክራር አራት ቅኝት አላት፤ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ነው የወሰዱት። ለባቲ ዘፈን በአንቺሆዬ ካልቃኘሁ ብሎ የሚሟገት ክራር መቺ እስካሁን አላየንም። (ፒኤችፒ የሚጽፉ ወንድሞቻችንም አይሰደቡ። የቅርንጫፉን ደመወዝ እየከፈለ ያለው ፒኤችፒ ነው።)

ክቡራን ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ «መቼ ያልቃል?» ብለው ሲጠይቁ መጀመሪያ ምኑ እንደሆነ ይንገሩን። የልጃቸውን ስልክ ግን ያምጡት፤ እናየዋለን። ካላየነው የኮምፒውተር መግዣው አይፈረምም።

አንቀጽ 9፦ ቅጣት

አንደኛ ጊዜ ያጠፋ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈውን ኮድ በሰው ፊት ጮክ ብሎ ያነባል። ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋ አንድ ሳምንት ሙሉ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ወረፋ ይዞ ይቆማል፤ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ይባላል።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ሲስተም ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ደሴ፣ ጳጉሜን 4 ቀን

(ሲስተሙ ቀኑን አልቀበልም ካለ መስከረም 1 ተብሎ ይመዝገብ።)